አራት አንድያ ልጆች

ማር አልበላም። ጠጅም አልጠጣም። ሠርግ ቤት ብርሌው ተሞልቶ ፊቴ ሲቀመጥ ገፋ አደርገዋለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠውም «ስኳር አለብህ እንዴ?» ይለኛል። የለብኝም፤ ጤነኛ ነኝ። ማር ሲሸተኝ ግን ምላሴ ላይ የአሻራ ቀለም የተቀባ ይመስለኛል። አንድ ክረምት ባለቤቴ ለሳሌ ብላ ማር በሎሚ በጥብጣ ብታቀርብልኝ ብርጭቆውን ከነሳህኑ ወደ ደጅ ወረወርኩት። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ምንም። ግን አልቻልኩም።

በደርግ ጊዜ ሸሕዲ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ከወገራ ደጋ የወረድኩት እንደ ሰዉ ሁሉ ሰሊጥ ላጭድ ነበር። በሦስተኛው ቀን መዳፌ ተላልጦ ማጭድ መጨበጥ አቃተኝ፤ የማሳው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከቄስ ትምህርት ቤት የተረፈኝ አንድ ነገር ቢኖር የእጅ ጽሕፈቴ ነው፤ ለአጫጆቹ ወደ ቤተሰቦቻቸው ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ የኔው አገር ልጅ፣ ሁሉም ተሰልፎ «ደህና ነኝ በልልኝ» ይለኛል። ወሬው ከተማ ሲገባ ጨርቃ ጨርቅና ሳሙና የሚነግዱ አንድ ሐጂ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ካለው ራኩባ ሥር ቦታ ሰጡኝ። ራኩባ ማለት አራት እንጨት ላይ ሣር የተከመረበት፣ ግድግዳ የሌለው የቆላ ጥላ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ የአሻራ ቀለም፣ በቃ ቢሮ ሆነ።

ወይ ኩራቴ! «ስለሆነም» እና «ይኸውም» ያልገባበት ማመልከቻ ከእጄ አይወጣም ነበር። ሰውየው «ላሜን ሰረቁኝ» ብሎ ሲመጣ እኔ «ብቸኛ መተዳደሪያዬ የሆነችውን ላሜን» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ ሌላ አምስት ላም ይኑረው አይኑረው አልጠይቅም። ያማረ ቃል ያማረ ነው፤ ዳኛ ያራራል። ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ በካርቦን ቀድቼ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለምን እንደማስቀምጥ ቢጠይቁኝ፣ እንዲሁ ስወደው ነው። የራሱን ጽሕፈት እያነበበ የሚደሰት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የወረቀት ዘመን ነበር። ከቀበሌህ ወይም ከገበሬ ማኅበርህ የይለፍ ወረቀት ካልያዝክ ኬላ አታልፍም። ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኬላ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ድንበር ነዋ። መተማ ከገባህ በኋላ አንድ የደረቀ ወንዝ መሻገር ነው የሚቀርህ፤ ማዶው ሱዳን ነው። ብቻዋን የመጣች ልጃገረድ ኬላው ላይ አብዮት ጥበቃዎቹ «የማን ነሽ? የት ነሽ?» ብለው ይመልሷታል። ከእናቷ ጋር ከሆነች ግን ማን ይጠይቃታል? እናት ናታ!

ይቺን ቀዳዳ ያየቻት አንዲት ሴትዮ ናት። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀላ ብላ ደንደን ያለች፣ ድምፅዋ የሚያባብል ሴት። ለአጫጆች ምግብና ጠላ የምትሸጥበት ቤት ነበራት። «የኔ ዓለም»፣ «የኔ አበባ»፣ «እኔን ይድፋኝ» ከአፏ አይለይም። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምላት። አሁን ብትገድሉኝ አልላትም።

መጀመሪያ የመጣችው በመኸር መግቢያ ላይ ነው። አንዲት ቀጫጫ ልጅ በእጇ ይዛለች፤ ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላዋ፣ በጣሳ ማር። «ይቺ ልጅ ዘመድ የላት፣ ወገን የላት፤ እንዲሁ ስታሳዝነኝ የጡት ልጄ ላደርጋት ነው። ኬላ ላይ እንዳያስቸግሩን ወረቀት ጻፍልኝ» አለች። ወጉን ታውቁታላችሁ። አውራ ጣት ማር ውስጥ ይነከርና ልጅየው ሦስት ጊዜ ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ ወለደች አልወለደች አይባልም፣ እናት ናት። እኛ አገር በዚህ የሚቀልድ ሰው አልነበረም። የሰው ደም ያቃባቸው ሰዎች እንኳን በዚህ ወግ ታርቀው አንድ ቤት ሲበሉ አይቻለሁ። ስለዚህ የጡት ልጅ ሲባል ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

ጻፍኩ፦ «ሌላ ልጅ የሌለኝ በመሆኑ፣ ይህችን ልጅ አንድያ ልጄ አድርጌ በሽማግሌዎች ፊት ጡቴን አጥብቻታለሁ። እርሷም ‹እናቴ ወደ ሄደችበት ሁሉ ይዛኝ ብትሄድ ፈቅጃለሁ› ብላለች።» ይቺን የመጨረሻዋን «ወደ ሄደችበት ሁሉ» የምትለዋን ሴትዮዋ ናት አስገባ ያለችኝ። «ሌላ ልጅ የሌለኝ» እና «አንድያ ልጄ» የሚለውን ግን እሷ አላለችኝም። እኔ ነኝ ለማሳመር የጨመርኩት። ሳነብላት «አዬ! እጅህ ይባረክ» አለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ይሻለኝ ነበር። ማሩ ወረቀቴ ላይ ይንጠባጠባል ብዬ ፈራሁ። ጽሕፈቴ ሊበላሽ! ስለዚህ «መጀመሪያ አሻራ፣ ቀጥሎ ማር» ብዬ አዘዝኩ። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አተመች፤ የቀሚሷ ጫፍ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረገችውና ማሩ ውስጥ ነከረችው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጠባች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም እንባዬ መጣ። እንባዬ!

በዚያው መኸር ሁለተኛ ልጅ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ሦስተኛ። ሽማግሌዎቹ በየጊዜው ሌሎች ናቸው፤ ጠላ ቤቷ ያገኘቻቸውን ነው የምታመጣው። ልጆቹ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ስጠይቃቸው የምትመልሰው እሷ ናት። ወረቀቱም ከእጄ ወደ እሷ ጡት መያዣ ነው የሚገባው፤ ልጆቹ ጫፉን አይነኩትም። ይሄን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ቀለድኩ። «እንዴ እትዬ፣ ይሄ ጡትዎ አይነጥፍም እንዴ?» አልኳት። ከትከት ብላ ሳቀች፤ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። አብሬያት ሳቅኩ። እኔማ አዲስ ማሰብ እንኳን ሰልችቶኝ የመጀመሪያውን ቅጂ ከሣጥን አውጥቼ የልጅቷን ስም ብቻ እየቀየርኩ እገለብጥላት ነበር።

አራተኛዋ የጎጃም ልጅ ናት። ዐሥራ ስድስት ቢሆናት ነው። ከወንድሟ ጋር ለአጨዳ ወርዳ ወንድሟን የመንግሥት እርሻው ካምፕ ውስጥ ወባ በሦስት ቀን ወሰደባት። ሴትዮዋ ከለቅሶው ላይ አንስታ ቤቷ አስገባቻት። ወረቀት ተጻፈ፣ ሳይነበብ አሻራ ተደረገ፣ ማር ተጠባ። ልጅቷ ስትጠባ ፊቷን ቅጭም አድርጋ በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች። ሴትዮዋ «ደስታዋ ነው» አለች። እኔም ደስታዋ ነው አልኩ።

ሳምንት አልሞላውም። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ የሚቀመጥበት ቀን ነው፣ ልጅቷ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ እየሮጠች መጥታ ሸንጎው መሐል ቆመች። ቀበሌው ከራኩባዬ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ጩኸቱ ይሰማኛል። ብዙ ሳይቆይ ሴትዮዋ ደረሰች፤ እያለቀሰች። ዓይኗን በጨው ታጥባ «ልጄ ሸፈተችብኝ! ያጠባኋት ልጄ!» ትላለች። ወዲያው አንድ አብዮት ጥበቃ መጥቶ «ትፈለጋለህ» አለኝ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ወረቀቱን ዘርግቶ ይዞታል። «ይሄ ጽሕፈት ያንተ ነው?»

«የኔ ነው ጓድ ሰብሳቢ።»

«አሻራው እፊትህ ነው የተደረገው?»

«አዎ።»

«በቃ። ሂድ።»

ይሄው ነው። ጽሕፈቴን አውቄ መሰከርኩ። ልጅቷ «እኔ የስኳር ራሽን ወረቀት ነው ተብዬ ነው! ልትሸጠኝ ነው! ሰውየው አፌን ከፍቶ ጥርሴን አየ!» ብላ ጮኸች። ሰብሳቢው ትከሻውን ነቀነቀ። «እናትሽ ናት። እናትና ልጅ ይጣላል፣ ይታረቃል። የቤተሰብ ነገር ነው፤ ሸንጎውን በዚህ አታድክሚው» አላት። ይለፉ ለቅዳሜ ተጽፏል፤ ማኅተሙን የመታው ራሱ ነው። ያን ዕለት የኅብረት ሱቅ ስብሰባ ስለነበረበት ውሳኔውን ለዘጠኝ ሰዓት አዛወረው። «እስከዚያ ከእናትሽ ጋር ቆዪ» ብሎ ተነሳ።

ልጅቷ የበሩን መቃን አቅፋ አልለቅም አለች። ሴትዮዋ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀች «የኔ አበባ፣ ነይ፣ የኔ አበባ» ትላለች። እፍ! ያንን ድምፅ ዛሬም ስሰማው ገላዬን ይወረኛል። ይሄን ጊዜ ሐጂው ጩኸቱን ሰምተው ከሱቅ ወጥተው ነበርና «እኔ ዋስ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለቤቴ ጋር ትቆይ» አሉ። ሐጂውን በከተማው እንቢ የሚል የለም። ፈረሙና ወሰዷት።

ተከትያቸው ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እንጃ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። የሐጂው ባለቤት ውኃ ሰጠቻት፤ ልጅቷ አልጠጣችውም፤ ተጉመጠመጠችና ተፋችው። ደግማ ተጉመጠመጠች። «አሁንም አለቀቀኝም» አለች።

«ምኑ?» አልኳት።

«ማሩ። ቀለም ቀለም ይል ነበር። እስታሁን ምላሴ ላይ አለ።»

እኔ ነኝ እኮ! «መጀመሪያ አሻራ፣ ቀጥሎ ማር» ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ልጆች የኔን የአሻራ ቀለም ከዚያች ሴትዮ ጣት ላይ እንደ እናት ጡት ጠብተዋል። ወጥቼ ከግድግዳው ሥር ያለ የሌለኝን አስመለስኩ።

ስመለስ ልጅቷ ለሐጂው እየነገረቻቸው ነው። ጠዋት ሴትዮዋ ቤት አንድ ሰው መጣ። ከማዶ የመጣ ባዕድ እንዳይመስላችሁ፤ የኛው ሰው ነው፣ የኛኑ አማርኛ የሚናገር፣ በጭነት መኪና የሚመላለስ ደላላ። ልጅቷን ጓሮ አቁሞ ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ገልብጦ ጥርሷን አየ። ክንዷን ጨመቅ ጨመቅ አደረገ። «ዙሪ» አላት፤ ዞረች። ሴትዮዋም «ያለፉት ሦስቱ አላሳፈሩኝ፤ ይቺ ደግሞ ከነሱም ትሻላለች» አለችው። እንደ አህያ እኮ ነው! ገበያ ላይ እንዳለች አህያ! ይሄኔ ነው የያዘችውን ማድጋ ጥላ በአጥር ዘላ የሮጠችው።

ሐጂው ጢማቸውን ይዘው ቀሩ። «እኔ አንዷን አይቻታለሁ» አሉ። ለንግድ ብለው ገዳሪፍ በድብቅ ይመላለሳሉ፤ ያኔ የማይመላለስ ነጋዴ አልነበረም። እዚያ የመጠጥ ጠመቃ ቤት ውስጥ ከልጆቹ አንዷን አይተዋታል፤ ጋን ስታጥብ። ያችኑ የመጀመሪያዋን ቀጫጫ። ሸሕዲ እንደሚኖሩ ስታውቅ እጃቸውን ይዛ «እናቴ ሸጠችኝ» ብላቸዋለች።

«እና ምን አደረጉ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ!

«የእናትና የልጅ ጣጣ ነው ብዬ እጄን አስለቀቅኩ።» አንገታቸውን ደፉ። «ገዳሪፍ አየሁ ብዬ ሸንጎ ብናገርስ፣ አንተን ገዳሪፍ ማን ወሰደህ አይሉኝም? ግን አንተስ? አራቱንም የጻፍክ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሰው ሰውን ሲጠየፍ ቀላል ነው፤ ራሱን ሲጠየፍ ነው መግቢያ የሚያጣው።

ወደ ራኩባዬ ሄጄ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሦስቱን ቅጂዎች አወጣሁ፤ የሴትዮዋ አሻራ ያረፈባቸው ናቸው፣ ቅጂውም ላይ አስደርግ ነበርና። አንደኛው፦ «ሌላ ልጅ የሌለኝ በመሆኑ… አንድያ ልጄ»። ሁለተኛው፦ «ሌላ ልጅ የሌለኝ በመሆኑ… አንድያ ልጄ»። ሦስተኛው ያው። አራተኛው ሸንጎው እጅ ነው፤ እሱም ያው። አንዲት ሴት በአንድ መኸር አራት አንድያ ልጅ! ያ ለማሳመር ብዬ የጨመርኩት ቃል አሁን ሴትዮዋን አንቆ የሚይዝ ማስረጃ ሆኗል። እኔንም አብሮ ያንቃል። ጽሕፈቱ የኔ ነዋ። ሐሰተኛ ወረቀት አዘጋጅቶ ሰው አሻገረ ብለው ቢይዙኝ ማን ይከራከርልኛል? ሰብሳቢውስ? በነዚህ ወረቀቶች ይለፉን ማኅተም እየመታ የሰጠው እሱ ነው። ያን ዘመን ቀበሌ አስቀይሞ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ «ፀረ አብዮት» የምትለዋ ቃል ትበቃ ነበር።

ክብሪት ጫርኩ። አልዋሽም፤ ጫርኩት። ወረቀቶቹ ቢቃጠሉ እኔ ነፃ ነኝ፤ ልጅቷ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሴትዮዋ ትሰጣለች፤ ቅዳሜ ወንዙን ትሻገራለች፤ አለቀ። ሦስተኛው ቅጂ ጥግ ላይ ግን አንድ የማር ጠብታ ነበረች፤ ያን ያህል ተጠንቅቄ እንኳን ያመለጠችኝ። ደርቃ ጠቁራለች። መሐሏ ላይ አንዲት ጉንዳን ተጣብቃ ሞታለች፤ እግሮቿ ተዘርግተው። ክብሪቱ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ያቺን ጉንዳን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ወረቀቶቹን አጣጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ሞልቷል፤ አጫጆቹም ወሬ ሰምተው መጥተዋል። ሰብሳቢው ውሳኔውን ሊያነብ ሲነሳ «ጓድ ሰብሳቢ፣ ጠዋት ምስክርነቴን አሳጥሬ ነው የሰጠሁት» አልኩ።

«ማን ፈቀደልህ? ተቀመጥ!»

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ዳግመኛ እንደማልነሳ አውቄዋለሁ። ሦስቱንም ቅጂ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ «አንድያ ልጄ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ እያደረግኩ። ሁለተኛው ላይ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቆመች። አይ ጉድ! እንባዋ እንደ ቧንቧ ነው የተዘጋው። «እሱ ነው ያስተማረኝ! እሱ ነው እንዲህ በይ ያለኝ! አብረን ነን!» ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ያንን አውራ ጣት። ሰብሳቢውም ደስ አለው፤ «ይኸው፣ ተባባሪ ናችሁ፤ ይሄ ነገር ቀበሌውን ለማጥላላት የተቀነባበረ ነው» አለ።

ከሸንጎው ዳኞች አንዱ ግን ከገበሬ ማኅበር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ የያዛቸው ነበር የሚመስሉት። «ጸሐፊውን ኋላ እንጠይቀዋለን» አሉና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «አንቺ፣ ማር አጥብተሽ አንድያዬ ያልሻቸው ሦስት ልጆች የት አሉ?»

«ዳርኳቸው።»

«ለማን?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች።

«እናት ልጇን ለማን እንደ ዳረች አታውቅም? በል ጓድ ሰብሳቢ፣ ይለፉን አንተ ነህ የሰጠኻት፤ ስንት ሰው ወጥቶ ስንት ሰው እንደተመለሰ ኬላው መዝገብ ላይ አለ። እናስመጣው እንዴ?»

ሰብሳቢው አንገቱን ላብ አጠመቀው። መዝገብ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቋንቋው ሁሉ ተለወጠ። «ጉዳዩ ከሸንጎው ሥልጣን በላይ ሆኖ ስለተገኘ» ብሎ ጀመረ፤ ለፖሊስ፣ ከፖሊስ ለአውራጃው ፍርድ ቤት እንዲተላለፍ ተወሰነ። ይለፉን ራሱ ቀደደው። ሴትዮዋ ስትወሰድ በአጠገቤ አልፋ «የኔ ዓለም፣ ማርህን አትርሳ» አለችኝ፤ እየሳቀች። ቱ!

እኔንም ያዙኝ። ሁለት ሳምንት ፖሊስ ጣቢያ ተኛሁ። ማመልከቻ መጻፍ ተከለከልኩ፤ በኋላ የመንግሥት እርሻው መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየቆጠርኩ ኖርኩ። ሴትዮዋ አውራጃው ላይ ተፈርዶባት ታሰረች፤ ልጅቷ ራሷ ቆማ ነው የመሰከረችባት። ደላላው አልተያዘም። ሦስቱ ልጆች አልተመለሱም። ሐጂው ከዚያ በኋላ በሄዱ ቁጥር ያችን ጋን ታጥብ የነበረችውን ፈልገዋታል፤ ቤቱን አገኙት፣ እሷን አላገኟትም። የሦስቱ ቅጂ ፍርድ ቤት ቀርቷል። የሴትዮዋ አሻራ አራት ቦታ ላይ አለ፤ የልጆቹ ፊት ግን ምን እንደሚመስል ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ ይሄ ያቃጥለኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን የዚያኑ ዕለት ሳይመሽ የሆነው ነው። ፖሊሱ የልጅቷን አቤቱታ በጽሑፍ ካላገኘሁ መዝገብ አልከፍትም አለ። ከተማው ውስጥ ደህና የሚጽፍ እኔ ብቻ፤ እኔ ደግሞ እስረኛ። ስለዚህ አንድ ፖሊስ ጠመንጃ ይዞ ከኋላዬ ቆሞ፣ ልጅቷ ፊቴ ተቀምጣ ጻፍኩ። እንደ ሁልጊዜው አሳምሬ፤ «ወላጅ አልባና ወገን የለሽ የሆንኩ እኔ አመልካች» ብዬ ጀምሬ። ጨርሼ በልማዴ የአሻራውን ቀለም ከፈትኩና አውራ ጣቷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «ብዕሩን ይስጡኝ» አለች።

ሰጠኋት። ወረቀቱን ግን ወደ ራሷ አዞረችው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?» አልኩ።

«መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ። ያን ቀንም ወረቀቱን ወደኔ ቢያዞሩልኝ አነበው ነበር። ‹ወደ ሄደችበት ሁሉ› የሚለውን ባይ አልጠባም ነበር።» ብዕሩን መጀመሪያው መስመር ላይ አቆመችው። «ይሄን ይሰርዙት። ‹ወላጅ አልባ› የሚለውን። እናቴ አለች። እዚያው ጎጃም፣ ቤቷ ተቀምጣ እኔንና ወንድሜን ትጠብቃለች። እሱንም አልጠየቁኝም።»